ሆድ ይፍጀው ያለ ሞተር

እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ አጠገብ፣ ሜሪደን በተባለች መንደር ከ1959 ጀምሮ ይመረት የነበረው ትራያምፍ ቦንቪል ሞተር ሳይክል በክራንክሻፍቱ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ቱቦ አለችው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቱቦዋ ከውጭ አትታይም። ቴስታታው ተነሥቶ፣ ሲሊንደሩ ወጥቶ፣ ፒስተኖቹ ራቁታቸውን ቀርተው እንኳ አትታይም። እሷ ጋ ለመድረስ ሞተሩ ከሻንሲው መውረድ፣ ፍሪሲዮኑና የጊዜ ማርሾቹ መፈታት፣ ቀፎው ለሁለት መከፈል፣ ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት ቢየላዎች መውጣት አለባቸው። ያን ጊዜም ቢሆን አፏ በብሎን ተደፍኗል፤ ብሎኑ በንዝረት እንዳይላላም ጠርዙ በሾለ ብረት ተነቅሷል። የተሰጣት ሥራ አንድ ነው፤ ቆሻሻ መያዝ።

አሠራሯ እጅግ ያምራል። ፓምፑ የገፋው ዘይት በክራንክሻፍቱ ጫፍ ይገባና በተቦረቦረው ዘንግ ውስጥ አልፎ ሁለቱ ቢየላዎች ወደታሰሩበት ክፍል ይደርሳል። ቱቦዋ የተቀመጠችው እዚያ ነው። ይህ ክፍል ከመዞሪያው እምብርት 41 ሚሊ ሜትር ርቆ ስለሚሽከረከር፣ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ከመሬት ስበት ከ1,600 ጊዜ በላይ በሚበረታ ኃይል ወደ ውጪ ይወረወራል። ከዘይት የከበደ ሁሉ፣ የብረት ብናኝም ይሁን ጥላሸት፣ ግድግዳዋ ላይ ይለጠፋል። የጠራው ዘይት በጎኗ ባሉት ቀዳዳዎች ወጥቶ ቢየላዎቹ ዘንጉን የሚያቅፉባቸውን ብሮንዚናዎች ያርሳል። ወረቀት የለ፣ ጨርቅ የለ፤ መሽከርከሩ ራሱ ማጣሪያ ሆነ። ያ ሞተር ከዚህ ሌላ የነበረው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው፤ የሽቦ ወንፊት ደግሞ ስባሪውን እንጂ ዱቄቱን አይዝም።

ስለዚህች ቱቦ ማሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መካኒኮች በቅባት የቆሸሸ መጽሐፋቸው ላይ በአንድ መስመር የሚያልፏት ነገር፣ ስለ ንጽሕና ከምናውቀው የሚበልጥ ነገር የያዘች ይመስለኛል።

ዝቃጩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣልን የመንገድ አቧራ ነው። ጥቂቱ በእርግጥ ከዚያ ነው። የሚበዛውን ግን ሞተሩ ራሱ ወልዶታል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። በእሳት ውስጥ ውሃ ይፈጠራል ሲባል ለማመን ያስቸግራል፤ ቢሆንም በነዳጁ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። አብዛኛው ውሃ በጭስ ማውጫው በእንፋሎት መልክ ይሄዳል። ከፒስተኖቹ ፋሻዎች ጎን የሾለከው ግን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ባለቤቱ እስከ ሱቅ ድረስ ነድቶ፣ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ አጥፍቶት ከተመለሰ፣ ያ ውሃ ሳይተን ይቀርና ከዘይት ጋር ተዋሕዶ ነጣ ያለ ድልህ ይሆናል። ውሃው ከቃጠሎው ትራፊ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሠራል፤ ጥላሸቱ ይጨመርበታል፤ የጃጀው ዘይት ራሱ ይወፍራል። ብዙ በመሮጥ ከሚያረጁት ሞተሮች ይልቅ በአጭር በአጭሩ የሚነዱት፣ በክብር ተሸፍነው በእሑድ ብቻ የሚወጡት፣ ሆዳቸው ቶሎ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

እርሳስም አለ። ቶማስ ሚጅሊ እርሳስ ያለበት ውህድ ቤንዚን ላይ ቢጨመር የሞተርን ማንኳኳት እንደሚያስቆም በ1921 ካገኘ ወዲህ፣ የዓለም መኪናና ሞተር ሳይክል አብዛኛው እርሳስ ሲያነድ ኖሯል። ብሪታንያ አጠቃላይ ሽያጩን ያቆመችው በ2000 መግቢያ ነው፤ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2006 መግቢያ ተገላገሉት፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 ተወችው። በ1960ዎቹ ተደፍና እስከ ዛሬ ያልተከፈተች ቱቦ እንግዲህ የዚያን ዘመን መርዝ እንደያዘች ናት። በጓንት ነው የሚነካው፤ የታጠበበት ናፍጣም ወደ ቦይ አይደፋም። ይህን በቁም ነገር እናገራለሁ፤ አሮጌ ነገር የሚወድ ሰው ያረጀ መርዝንም አብሮ እንደሚወርስ ማወቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ልቤን የሚይዘው የብረቱ ብናኝ ነው። እሱ ከውጭ አልመጣም፤ ከነዳጁም አልተወለደም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፤ የካሙ ጉብታ ነው፤ የፒስተኑ ጎን ነው፤ የማርሹ ጥርስ ነው። ትናንት ሞተር ነበር። ከወንድሞቹ ጋር ተያይዞ ሳለ ሸክም ይሸከም፣ እሳት ይቋቋም፣ ሰው ያደርስ ነበር። ከገላው ሲለይ ባሕርዩ አልተለወጠም፤ ጥንካሬው ያው ጥንካሬ ነው። የተለወጠው ዝምድናው ብቻ ነው። ያ ጥንካሬ አሁን የራሱን ወገን ይፈጫል፤ የተፈጨውም ተራውን ፈጪ ይሆናል። በዘይት ውስጥ የሚዞር አንድ ቅንጣት ብቻውን አይቀርም፤ ሌላ ቅንጣት ይወልዳል።

አንትሮፖሎጂስቷ ሜሪ ዳግላስ በ1966 ባሳተመችው ስለ ንጽሕናና ስለ አደጋ በሚናገር መጽሐፏ ውስጥ፣ አንድን ነገር ቆሻሻ የሚያሰኘው በውስጡ ያለው ባሕርይ ሳይሆን ከሥርዓቱ ወጥቶ መገኘቱ እንደሆነ ተከራክራለች። ለሚዋኘው ብናኝ ይህ አሳብ በትክክል ይሠራል። ለቱቦዋ ግን አይበቃም። እዚያ የተጋገረው ዝቃጭ ከቦታው አልወጣም፤ ቦታው ያ ነው። መሐንዲስ ለክቶ፣ በወረቀት ነድፎ፣ በብረት አስቦርቡሮ የሠራለት ቤት ነው። ሆኖም እዚያው በቤቱ እንደተቀመጠ ሞተሩን ይገድላል። ስለዚህ ነገሩ የቦታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የልክ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። ቆሻሻን በተገቢው ስፍራ ማኖር ሥራውን አይጨርሰውም፤ ቀጠሮ ያስይዘዋል።

ቀጠሮው ሲፈርስ የሚሆነውን ለመረዳት በዘንጉና በብሮንዚናው መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ማየት ያስፈልጋል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቦሻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር አክስል የሚቀመጥበትን ብሮንዚና ሲመረምር፣ ለዘይት ብሎ ከላይ አንድ ቀዳዳ በሳበት። ዘይቱ መግባት ሲገባው ተመልሶ ወደ ላይ ፈለቀ። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተፈናጠረ። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ወጣ። የግፊት መለኪያ ሲያስርበት፣ ዘይቱ በእያንዳንዱ ስኩዌር ኢንች ላይ ከ200 ፓውንድ በላይ እየገፋ መሆኑን አየ። የዚህን ምክንያት በ1886 በሒሳብ የገለጠው ኦስቦርን ሬይኖልድስ ነው። ዘንጉ ሲሽከረከር ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ያስገባዋል፤ ዘይቱም ዘንጉን ያነሣዋል። በደኅና የሚሠራ ሞተር ውስጥ ብረት ብረትን አይነካም። ያ ሁሉ ጩኸትና ኃይል ከሰው ፀጉር በቀጠነ ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል።

ቱቦዋ ስትሞላ መውጫ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፤ በመጨረሻም ይደፈናሉ። የዘይቱ ጋን ሙሉ ነው። ፓምፑ እየገፋ ነው። ዘይት ወደ ጋኑ ሲመለስ በዓይን ይታያል። የግፊት መለኪያ ቢኖር እንኳ ደኅና ነው ይላል፤ የሚለካው ከቱቦዋ በፊት ያለውን ነውና። ሁሉም ምልክት ጤና እየተናገረ ሳለ ከሁሉ ይልቅ የሚለፉት ሁለቱ ቢየላዎች ብቻ በድርቀት ያልቃሉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። የቦንቪሉ ቢየላዎች ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ብሮንዚናው ቀልጦ ዘንጉን ሲነክስ ቢየላው ይሰበርና ቀፎውን በስቶ ይወጣል። ሞተሩን ከቆሻሻ ለመጠበቅ የተሠራችው ዕቃ ምግቡን ከለከለችው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሁሉን በውስጡ የያዘ ሰው መጨረሻም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ትዕግሥቱ እውነተኛ ነበር፣ ጠቅሞም ነበር፤ ግን ሆድም ልክ አለው።

ሞተር ሲታጠብ መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ የጭነት መኪና በሚፈታበት ጋራዥ ነው። የሞተሩ ኮፓ ወርዶ፣ ከሥሩ የተኛው ጥቁር አተላ እንደታየ ረዳቱ ብሩሹን በናፍጣ ነክሮ፣ «ጋሼ፣ ልጠበው?» ይላል። ሽማግሌው መካኒክ፣ «ቆይ አንተ! ታጥቦ ከሄደ ማን ይነግረናል? በመጀመሪያ ማግኔቱን አምጣ» ይሉታል። ከዚያ አተላውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ ወደ ብርሃን ጠጋ ብለው፣ በጣታቸው እያሹ ያዩታል። ይህን ያህል በጥሞና ሲነበብ ያየሁት ጽሑፍ ጥቂት ነው።

የትራያምፏን ቱቦ አውጥቶ የያዘ ሰውም ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው። ውስጧ ያለው ብዙ ጊዜ ፈሳሽ አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ኃይል ተጠቅጥቆ ደርቋል፣ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። በማግኔት የሚሳበው ብረት ነው፤ ከካሙ፣ ከማርሹ፣ ከፋሻው፣ ከሲሊንደሩ የመጣ። ማግኔቱ የማይነካው ነጭ ብልጭታ አሉሚኒየም ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ሲነካው አረፋ እየደፈቀ ይሟሟል፤ ስለዚህ ፒስተኑ ይታይ። ቢጫ የሚያበራው ነሐስ ነው፤ የቢየላው የላይኛው የነሐስ ቀለበት ይታይ። ቅርጹም ይናገራል። ዱቄት ከሆነ ዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። ቅርፊት ከሆነ የአንዱ ክፍል ገጽ ደክሞ መላጥ ጀምሯል። የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ከተገኘ ግን የብልት መበላት ሳይሆን የቶርኖ ሥራ ትራፊ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ወይም ሲታደስ አንድ ሰው በሚገባ ሳያጥብ ገጥሞታል።

በብሮንዚና ገጽ ላይ ስለሚለበጠው ለስላሳ ነጭ ብረት ለብቻው ልናገር። አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት በ1839 ያወጣው ቆርቆሮ የበዛበት ቅይጥ፣ ከዚያም በእሱ ዓይነት የተሠሩት የብሮንዚና ገጾች፣ ለስላሳ የሆኑት በድካም አይደለም፤ በዕቅድ ነው። ጠንካራ ቅንጣት በዘይቱ ውስጥ ሲመጣ ለስላሳው ገጽ ይውጠዋል፤ በገላው ውስጥ ቀብሮ ዘንጉ እንዳይጫር ያደርጋል። ከሁለቱ አንዱ መቁሰል ካለበት እሱ ይቁሰል ተብሎ የተመደበ ነው፤ ዘንጉ ውድ ነው፣ ብሮንዚናው ይለወጣል። ቅንጣቶቹ ሲበዙበት ግን የዋጠው ሁሉ ጫፉን ብቅ አድርጎ ያን የጠበቀውን ዘንግ መሞረድ ይጀምራል። ቱቦዋና ይህ ገጽ አንድ ዓይነት ዕጣ አላቸው፤ ሁለቱም ክፉውን ወደ ራሳቸው በመሳብ ሌላውን ይጠብቃሉ፤ ሁለቱም የሚያወጣላቸው እጅ ካልመጣ የጠበቁትን ያጠፋሉ።

የማጠቡ ሥራ ራሱ ረጅም ንግግር አይፈልግም። የተነቀሰው ብሎን በሙቀትና በትዕግሥት ይፈታል፤ እምቢ ካለ ይበሳል። ቱቦዋን የያዘው ረጅሙ ብሎን ከቮላኖው ይወጣል። በክራንክሻፍቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መንገድ በጠባብ ብሩሽ ይፈተጋል፣ በናፍጣ ይታጠባል፣ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል፤ ከዚያ በአንዱ ቀዳዳ ብርሃን አግብቶ በሌላው ማየት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለዓይን ብሎ ነው፤ ቀፎው እንዲያበራ በአሸዋ ወይም በብርጭቆ ብናኝ ያስነፋዋል፤ ያ ብናኝ በጉድጓዶቹ ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ሞተሩ ሲነሣ ሥራውን ይጀምራል። የሚያበራ ነገር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክረው የማይታየው ቀዳዳ ነው።

አንድ ነገር ግን ማጠብ አይችልም። የተበላው ብረት አይመለስም። በጨርቁ ላይ የተዘረጋው ብናኝ የዘንጉ አካል ነበር፤ አሁን ተለቅሞ ቢመዘን እንኳ መልሶ የሚያጣብቀው የለም። ዘንጉ በቶርኖ ቤት ተስተካክሎ ይሞረዳል፤ ማለትም ቁስሉ እኩል እስኪሆን ድረስ ጤነኛውም ገጽ አብሮ ይነሣል፤ ከዚያ ሩብ ሚሊ ሜትር ወይም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የወፈረ ብሮንዚና ይገባበታል። ይህም ጥቂት ጊዜ ብቻ ይቻላል። ስለዚህ ሞተር ማደስ ወደ ድሮው መመለስ ነው የሚሉትን አልቀበልም። የቀረው ብረት የቀረውን ዕድሜ ያለ ጠላት እንዲኖር ማድረግ ነው፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ መሐንዲሱ እንመለስ። በ1968 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 350 ያንኑ ብልሃት ይጠቀማል፤ እሱም ዘይቱን በመሽከርከር ኃይል ያጠራል። ልዩነቱ፣ የሆንዳው ዝቃጭ መያዣ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ከቀኝ በኩል በትንሽ ክዳን የተሸፈነ መሆኑ ነው። ጥቂት ብሎን ይፈታል፣ ክዳኑ ይነሣል፣ ኩባያው ይሳባል፣ ይጠረጋል፣ ይመለሳል። ሞተሩ ከቦታው አይነቃነቅም። በ1970ዎቹ የወጣው ትንሹ ሆንዳ ሲጂ 125ም በቀኝ ክዳኑ ሥር ይህንኑ ዓይነት ማጣሪያ ይዟል፤ የእሱ ቅጂዎች እስከ ዛሬ በአፍሪካ ገጠር መንገድ ላይ ሰውና እህል ያመላልሳሉ። ሁለቱም መሐንዲሶች አንድ እውነት ያውቁ ነበር። አንደኛው በር ተወለት፤ ሌላው ቀበረው።

ፍርዱ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ሜሪደንን ለመኮነን አልቸኩልም። ቦንቪሉ የተነደፈው ባለቤቱ ቴስታታውን አውርዶ ካርቦን የሚፍቅበት፣ ሲሊንደር የሚያስቦርብርበት፣ ብሮንዚና መቀየር የተለመደ ወጪ በሆነበት ዓለም ነው። ሞተሩ በሌላ ምክንያት መከፈቱ አይቀርም፤ ሲከፈት ቱቦዋም ትጸዳለች። በንድፉ ወረቀት ላይ ያልተሳለ፣ ቁጥር ያልተሰጠው፣ ግን ያለ እሱ ሞተሩ ሙሉ የማይሆን አንድ ክፍል ነበረ፤ ሰው። ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ፣ እጁ የሚያውቅ ሰው። ማሽኑ የተሠራው እሱን እንደ አንድ ብልቱ ቆጥሮ ነው።

ከዚያ ዓለሙ ተለወጠ። ፋብሪካው በ1973 ሊዘጋ ነው ሲባል ሠራተኞቹ በሩን ይዘው ምንም አናስወጣም አሉ፤ ከ1975 ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበር አንቀሳቀሱት፤ በ1983 ተዘጋ። ሞተር ሳይክሎቹ ከፋብሪካቸው በላይ ዕድሜ ኖሩ። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ቀለማቸው፣ ክሮማቸው፣ ወንበራቸው ታደሰ፤ ቱቦዋ እንዳለች ቀረች። ገዢው የሚያየው የሚታየውን ነው፤ ሻጩም የሚያሳምረው ያንኑ ነው። የቀድሞው ባለቤት ያልፈጸመው ቀጠሮ ለሚቀጥለው ይተላለፋል፣ ከነወለዱ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቱቦዋን የሚከፍተው ሰው፣ ያላየውን ጉዞ፣ ያልነዳውን መንገድ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ቸልታ ነው የሚፈለፍለው። ቅሬታ ሊሰማው ይችላል፤ መብቱ ነው። የተሰጠውን ግን አብሮ ያስብ፤ የእነሱ ብረት ባይኖር እሱ የሚያጥበው አይኖርም ነበር።

ዛሬ ብዙዎች ዘይቱ ወደ ጋኑ በሚመለስበት ቱቦ ላይ የወረቀት ማጣሪያ ይገጥማሉ። ከፋብሪካው እንደወጣ ይቆይ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ክርክራቸውን አከብራለሁ፣ ግን አልስማማም። ከውጭ የሚፈታ ማጣሪያ ማለት ሜሪደን ያልተወለትን በር ዘግይቶ መክፈት ማለት ነው። ንጹሕ ዘይት ቢየላዎቹን ያገለግላል፤ ቱቦዋም ቀስ ብላ ትሞላለች። እንደማትሞላ አድርጎ ማሰብ ግን አይገባም። ስለዚህ የተከፈተችበትን ዓመት፣ በውስጧ የተገኘውን የብረት ዓይነት፣ ዘንጉ ምን ያህል እንደተሞረደ ጽፎ ከሞተሩ ወረቀቶች ጋር ማሰር ግዴታ ነው እላለሁ። የሚቀጥለው ሰው ከእኛ ጋር ተገናኝቶ ሊጠይቀን አይችልም።

አዲሱ ብሎን ተጠብቆ፣ ጠርዙ እንደገና ተነቅሶ፣ ሞተሩ ሲገጠም ለማስነሣት አይቸኮልም። የታጠቡት መንገዶች ባዶ ናቸው። ካንዴላዎቹ ይወጡና፣ ዘይቱ ተመልሶ ወደ ጋኑ ሲወርድ እስኪታይ ድረስ ሞተሩ በእግር እየተመታ ይሽከረከራል። ቱቦዋ መሞላት ያለባት በመጀመሪያ ነው፤ ቢየላዎቹ ድርሻቸውን የሚያገኙት ከእሷ በኋላ ነው።